ዘነበች አልማዝ ነው ያለችው ድንጋይ

የበደለችኝ ሴት ስሟ ዘነበች ነው። የበደለችኝም ከሦስት ዓመት በፊት፣ ከዳግም ትንሣኤ በኋላ በነበረው የሰርግ ሰሞን፣ የመጀመሪያ ልጇን ልትድር ስትዘጋጅ ነው። ገጠመኛቸውን የሚጽፉ ሰዎች የሰው ስም እንደሚቀይሩ አውቃለሁ። እኔ አልቀየርኩም። እሷም ገበያ መሃል ስሜን ስትጠራ አልቀየረችውም።

የምጽፈው አንጀቴ ስላልበረደ ነው። ሰው ሁሉ "ያለፈ ነገር ነው፣ ተይው" ይለኛል። አልፎ ቢሆን ኖሮ ዛሬም ድረስ አንድ ሰው ቀለበት የምሸጥበት ሳጥኔ አጠገብ ድምፁን ከፍ ባደረገ ቁጥር ብድግ ብዬ አልቆምም ነበር።

የምኖረው በኬንያ በኩል ባለችው ሞያሌ ነው። ወደዚህ አገር የገባሁት በስደት፣ ከባለቤቴ ጋር ነው፤ እሱ ካረፈ ቆይቷል። ናይሮቢ ሳለሁ አንድ ህንዳዊ የድንጋይ ነጋዴ ዘንድ አሥራ አንድ ዓመት ሠርቻለሁ። ሥራዬ ነጭ ጨርቅ በተነጠፈበት ጠረጴዛ ላይ የተዘረገፈውን ጥሬ ድንጋይ በቀለሙ፣ በጥራቱና በስንጥቁ መለየት ነበር። ዓይኔ መድከም ሲጀምር ወደ ሞያሌ መጣሁ። ሶኮ በምንለው ገበያ ውስጥ መስተዋት ክዳን ያለው ሳጥን ዘርግቼ የብር ቀለበት ከነድንጋዩ እሸጣለሁ።

ዘነበችን የማውቃት ከስደተኛ ካምፕ ጀምሮ ነው። እዚያ ሳለን አንድ ቀን የውሃ ወረፋዬን ጠብቂልኝ ብያት ስመለስ ጀሪካኔን አውጥታ የእህቷን አስገብታበት አገኘሁ። ትንሽ ነገር ነው ትሉ ይሆናል። በዚያ ፀሐይ ትንሽ አልነበረም። ሞያሌ ላይ ስንገናኝ ግን አንድ እድር ገባን፣ ሐዘኑንም ደስታውንም አብረን ዋልን፤ እኔም የጀሪካኑን ነገር አላነሳሁባትም።

ያን ሰሞን ስልክ ይዛ መጣች። ልጇ ቢንያም የሚያገባት ልጅ ራሔል ትባላለች፤ በኢትዮጵያ በኩል ባለችው ሞያሌ ቆርቆሮና ሲሚንቶ የሚነግዱት የአቶ ደምሴ ልጅ ናት። ስልኩ ላይ የነበረው ፎቶ ባለ ሮዝ አልማዝ ቀለበት ነው። ራሔል ለቢንያም የላከችው ነው አለችኝ። እሱን የሚመስል እንድፈልግላት ጠየቀችኝ።

አልማዝ ሁሉ እንደ ውሃ የጠራ ብቻ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ሮዝም፣ ቢጫም፣ ሰማያዊም፣ አረንጓዴም አለ። ግን ብርቅ ነው። እኔ ያን ሁሉ ዓመት ድንጋይ ስለይ ኖሬ ባለቀለም አልማዝ በዓይኔ ያየሁት አንድ ጊዜ ነው። አሠሪዬ ከካዝና አውጥቶ አሳየንና እጃችንን ሳንዘረጋ መልሶ ቆለፈበት። ከምስር ፍሬ አይበልጥም ነበር። በእሱ ዋጋ እኛ ሰፈር ቤት ይሠራል።

ቀለሙን የወደደ ሰው ግን ሌላ መንገድ አለው፤ የእኔም እንጀራ ይኸው ነው። ቢጫ ለሚፈልግ በኢሲዮሎ በኩል ከጋርባ ቱላ የሚመጣ ቢጫ ሰንፔር አለ። አረንጓዴ ለሚፈልግ ፔሪዶት አለ፤ እሱማ ጎረቤታችን ነው፣ በኢትዮጵያ በኩል ካለችው ከሜጋ ይመጣል። ሮዝ ለሚፈልግ ሮዝ ሰንፔር፣ ስፒኔልና ቱርማሊን አሉ። ብርጭቆ አይደሉም። አልማዝም ነን አይሉም። የራሳቸው ስም ያላቸው፣ ከምድር የወጡ ድንጋዮች ናቸው። ሰው በስማቸው ከጠራቸው ማንንም አያሳፍሩም።

ለዘነበች ሦስቱንም ሮዞች አወጣሁላት። ባለቀለም ድንጋይ ጥላ ውስጥ ሸጬ አላውቅም፤ ገዢዬን ይዤ ፀሐይ ላይ እወጣለሁ። እሷንም ይዣት ወጣሁ። ሰንፔሩና ስፒኔሉ ትናንሽ ቢሆኑም ጠንካራ ናቸው፣ ሙሽራዪቱ ልብስ ስታጥብ እንኳ ብታደርጋቸው አይጎዱም አልኳት። ቱርማሊኑ ትልቅና ውብ ነው፤ ነገር ግን ውስጡ ለዓይን የማይታዩ ስንጥቆች አሉት፣ ሙቀት አይችልም አልኳት። ይህን ሁሉ ደጋግሜ ነገርኳት።

ትልቁን አነሳች። ከሩቅ የሚታይ ይሻላል አለች። የልጅቷ ጣት ምን ያህል ነው ብላት መካከለኛ አድርጊው አለችኝ። አደረግሁላት።

እንደ ልማዴ ቁራጭ ወረቀት ጽፌ፣ አጥፌ፣ ከቀለበቱ ሥር አስቀመጥኩ። "ሮዝ ቱርማሊን ነው። እሳትና ፍል ውሃ አያስነኩት" ይላል። ለገዛኝ ሁሉ የማደርገው ነው። ዘነበች አየችና "አንቺ ደግሞ እንደ ፋርማሲ ወረቀት ትጨምሪያለሽ" ብላ ስቃ ሄደች።

ጥሎሹ የተጣለው አቶ ደምሴ ቤት ነው። እኛ እድርተኞቿ ከወንዱ ወገን ጋር ድንበሩን በእግር ተሻግረን ሄድን። በጥሎሽ ላይ የመጣው ዕቃ ሁሉ አንድ በአንድ እየተነሣ፣ ስሙ እየተጠራ ለሴቷ ወገን ይታያል። ሰው ወደ ቤቱ ይዞት የሚሄደው ዕቃውን ሳይሆን ጠሪው ያለውን ነው። ቀሚሱ ተጠራ፣ ጫማው ተጠራ፣ የአንገት ሐብሉ ተጠራ። ከዚያ ጠሪው ትንሿን የቀለበት ማስቀመጫ ከዘነበች እጅ ተቀበለ። ጎንበስ ብሎ ጆሮውን ሰጣት። ቀና አለና "የጣት ቀለበት፣ ባለ ሮዝ አልማዝ" አለ።

እልልታው ቤቱን ሞላው። ዘነበችን አየኋት። ጣሪያውን ታያለች።

የሙሽራዪቱ አጎት ቀልደኛ ሰው ናቸው። "እስቲ አልማዝ ከሆነ ይፈተን" ብለው ቀለበቱን ወስደው የለስላሳ ጠርሙስ ጎን ላይ ፈተጉት። ጠርሙሱ ተጫረ፣ ሰዉም አጨበጨበ። ጠርሙስ መጫር ለቱርማሊን ምንም አይደለም፤ ከወንዝ ዳር የሚለቀም ተራ ነጭ ድንጋይም ይጭረዋል። ይህን የማውቀው በዚያ ቤት ውስጥ እኔ ብቻ ነበርኩ። ዝም አልኩ። የሰው ደስታ ላይ ውሃ አልደፋም ብዬ ነው። ያን ዕለት ዝም ማለቴን እስከ ዛሬ ለራሴ ይቅር አላልኩም።

ማስቀመጫው በሰው እጅ ሲዞር እኔም ጋ ደረሰ። ከፈትኩት። ወረቀቱ የለም።

ቀለበቱ ራሔል ጣት ላይ ሲገባ ሰፍቷት ዞረ። ዘነበች አስጠብቤ አመጣዋለሁ ብላ መልሳ ያዘችው። ወደ እኔ አላመጣችውም። እዚሁ ገበያችን ውስጥ ለሚሠራው ለጉዮ ሰጠችው። ጉዮ የቦረና ሰው ነው፤ በወርቅና በብር ሥራ እጁ የተመሰገነ ፉንዲ፣ አንጥረኛ ነው።

በሦስተኛው ቀን፣ ገበያው ጥቅጥቅ ባለበት ሰዓት፣ ዘነበች መጣች። ሰላም አላለችኝም። ቀለበቱን ሳጥኔ መስተዋት ላይ ጣለችው። ድንጋዩ መሃል ለመሃል ተሰንጥቋል።

"አልማዝ ብለሽ ብርጭቆ ሸጥሽልኝ" አለች።

"ምን ብዬ እንደሸጥኩልሽ ታውቂያለሽ።"

"ስሚኝ ሙሉ፣ ድሃ መሆን ነውር አይደለም። ማታለል ነው ነውሩ።"

ይህን ያለችው ለእኔ አልነበረም። ከኋላዋ ለቆሙት ነው። የወረቀቱን ነገር አነሳሁባት። የምን ወረቀት አለች። ቱርማሊን እንዳልኳት ተናገርኩ። እሷ እንዲህ ያለ ስም ሰምታ እንደማታውቅ ለሰው ሁሉ ምላ ነገረች። ጎረቤቴ ዝንጅብል ሻጭ ናት፤ ስምንት ዓመት ጎን ለጎን ተቀምጠናል። ሚዛኗን አቁማ ታየኝ ነበር። አስተያየቷን አልወደድኩትም።

ሞያሌ ትንሽ ናት። የቦዳ ቦዳ ሞተር ነጂ ጠዋት የሰማውን ከሰዓት ሄሉ መንደር ያደርሰዋል። በዚያው ቀን አንዲት ሶማሌ ደንበኛዬ ቢጫ ሰንፔሯን ከጣቷ አውልቃ "ማማ፣ ይሄስ?" አለችኝ። በማግስቱ ሁለት ቀለበቶች ተመለሱልኝ። አንዱ ጎረምሳ ደግሞ እየሳቀ፣ እውነተኛ ከሆነ በመዶሻ ምቺውና እንየው አለኝ። አልማዝም በመዶሻ ይሰበራል። ይህን ብነግረው ማን ያምነኛል?

ድንጋይ የሚሸጥ ሰው ያለው ስሙ ብቻ ነው። ገዢው ድንጋዩን አያውቀውም፤ የሚያምነው ሻጩን ነው። ስሜ ከሄደ ያ ሳጥን ውስጥ ያለው ሁሉ ጠጠር ነው። ሌላ ሥራ ለመጀመር ደግሞ ዕድሜዬ አይፈቅድም።

መቀመጥ አቃተኝ። ሳጥኑን እከፍታለሁ፣ እዘጋለሁ። የወለወልኩትን ቀለበት መልሼ እወለውላለሁ። ድንጋዩን የሰነጠቀው እሳት እንደሆነ ስላወቅሁ ጥዬው ተነሥቼ ወደ ጉዮ ሱቅ እሄዳለሁ፤ ዝግ ነው። ተመልሼ እቀመጣለሁ፣ ደግሞ እነሣለሁ። በቀን ሦስት አራት ጊዜ የዚያን ሱቅ ቁልፍ ሳየው ዋልኩ። በአራተኛው ቀን ጎረቤቶቹ ጉዮ ኦዳ መንደር፣ ከብቶቹ ጋ ነው ያለው አሉኝ። ሳጥኔን ለዝንጅብሏ ሻጭ እንኳ አደራ ሳልል በቁልፍ ዘግቼ ቦዳ ቦዳ ተሳፈርኩ።

ጉዮ የፍየል ጋጣ እያጠረ ነበር። ሲያየኝ የመጣሁበትን አላጣውም። ቀለበት ሲጠብ ይቆረጥና ጫፍና ጫፉ ተገጥሞ በእሳት ይበየዳል። አልማዝ ከሆነ እሳቱን ስለሚችል አንጥረኛው ከነድንጋዩ ይበይደዋል። ሌላ ድንጋይ ከሆነ ግን አስቀድሞ ያወጣዋል። ስለዚህ እሳት ከመለኮሱ በፊት ይጠይቃል።

"ማማ፣ ሁለት ጊዜ ጠይቄያታለሁ" አለኝ። "ሁለት ጊዜም አልማዝ ነው አለች።"

እሳቱን ለቀቀበት፣ ከዚያ ውሃ ውስጥ ነከረው፤ ድንጋዩ ጩኸት አሰምቶ ተሰነጠቀ። ዘነበች ስትጮህበት ደንግጦ ሱቁን ዘግቶ መጣ።

ይህን ለሽማግሌዎች ንገርልኝ አልኩት። እሾሁን ማስተካከሉን ቀጠለ። ከዚያ፣ ያን ከተናገርኩ እኔ ምን እሆናለሁ አለኝ። ጉዮ አልማዝን ከሌላ ድንጋይ አይለይም ይባላል፤ ወርቁን አምኖ የሚሰጠኝ ማን ነው አለኝ። እውነቱን ነው። በመነጽር አይቶ ቢሆን ያውቀው ነበር፤ የሰው ቃል አምኖ አላየውም። ይህም ጥፋት ነው፤ በሥራችን ትልቅ ጥፋት ነው።

ሰው መለመን አልወድም። ለመንኩት። ወደ አጥሩ ዞረ። የቦዳው ልጅ ሞተሩን አስነሥቶ ሲጠብቀኝ ወጥቼ ተቀመጥኩ። እስክንርቅ ድረስ ጉዮ ቀና ብሎ አላየኝም።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ የእድሩ ሊቀመንበር ቤት ሦስት ሽማግሌዎች ተቀመጡ። ዘነበች መናገር ትችላለች፤ የሚለቀስበትንም ቦታ ታውቃለች። ልጄ ተዋረደ፣ አማቾቼ ፊት ዓይኔን በምን አነሳለሁ አለች። እኔ ስናደድ ምላሴ ይተሳሰራል። ነጭ ጨርቅ ላይ ድንጋይ ስለይ መኖሬን፣ ፀሐይ ላይ ይዣት መውጣቴን እየደባለቅሁ ተናገርኩ። ስጨርስ ለራሴም ውሸታም መሰልኩ።

ሽማግሌዎቹ ትንሽ ተማከሩና ለሁላችንም ይበጃል ያሉትን አመጡ። ሰርጉ ደርሷል፣ ለሰላም ሲባል ሌላ ድንጋይ አድርጊላትና ነገሩ እዚህ ይብቃ አሉኝ። ሽማግሌ ሁልጊዜ እንደዚህ ነው። ግማሹን ከአንዱ፣ ግማሹን ከሌላው ይቆርስና እርቅ ይለዋል።

"ድንጋይ መስጠት አይገደኝም" አልኩ። "ከሰጠሁ ግን ብርጭቆ ሸጬ ነበር ማለት ነው። አልሰጥም።"

አንደኛው ሽማግሌ፣ ይቺ ሴት ግትር ናት ብለው ወደ ጎን ሲያንሾካሹኩ ሰማሁ። ዘነበች ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። ነጠላዬን አንሥቼ ልወጣ ነበር። መውጣቴም እንደ ማመን እንደሚቆጠር አውቃለሁ፤ ግን እግሬ አልቆም አለኝ።

በሩ ላይ ከጉዮ ጋር ተገናኘን። ጫማው አቧራ ለብሷል። ተቀመጥ ሲሉት አልቀመጥም አለ። በአማርኛ ነው የተናገረው፤ ሲጨንቀው በኦሮምኛ ይደግመዋል።

"እሳቱን የለቀቅሁት እኔ ነኝ። አልማዝ ነው ስላለችኝ ነው። አልማዝ ባይሆን አወጣው ነበር። ሁለት ጊዜ ጠየቅሁ። በመነጽር ማየት ነበረብኝ፣ አላየሁም። ጥፋቱ የእኔና የእሷ ነው፣ የማማ አይደለም።"

ሊቀመንበሩ ዘነበችን ብለሽዋል ወይ አሏት። እሷ የድንጋይ ስም እንደማታውቅ፣ ጥሎሹ ላይ እንደተጠራው እንደነገረችው መለሰች።

"ጥሎሹ ላይ ማን አስጠራው?" አሏት።

ነጠላዋን ማስተካከል ጀመረች። ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ ያው ግትር ያሉኝ ሰው፣ "ድንጋይ ተሸክማ ይቅርታ ትጠይቅ እንዳንል የተጣሉት በድንጋይ ነው" አሉ። ሰው ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም።

ዘነበች ተነሥታ ጉልበቴን ልትነካ ጎንበስ አለችና "አጥፍቼ ከሆነ ይቅር በይኝ" አለች። ከሆነ አለች። እዚያ ቤት ውስጥ ያን ቃል የሰማው ያለ አልመሰለኝም፤ እኔ ግን ሰምቼዋለሁ። ሽማግሌዎቹ ሲያዩኝ እግዚአብሔር ይቅር ይበልሽ አልኳት። እኔ ይቅር ብዬሻለሁ አላልኩም።

ጉዮ እጄን ሳይጨብጥ፣ ምንም ሳይጠብቅ ወጣ። እንደፈራውም ሆነ። ለብዙ ወራት ሱቁ ሰው አጣ። ወርቅ ይዘው ወደ ማርሳቢት የሚሄዱ ሰዎች ነበሩ። እኔ የማስጠብበውም የማሰፋውም ሁሉ እስከ ዛሬ እሱ ጋ ነው የሚሄደው።

በማግስቱ ራሔል ብቻዋን ድንበሩን ተሻግራ መጣች። አባቷ ተቆጥተው ሰርጉ ይቅር እስከማለት ደርሰው ነበር። ልትሰድበኝ የመጣች መስሎኝ ተነሥቼ ቆምኩ። እሷ ግን ዝቅ ብላ ሳመችኝና የተሰነጠቀውን ቀለበት እንዳሳያት ጠየቀችኝ። አገላብጣ አየችው።

"እትዬ፣ እኔ እኮ አልማዝ አላልኩም" አለችኝ። "ፎቶውን ለቢንያም የላክሁት ቀለሙን እንዲያየው ነው። ሮዝ እወዳለሁ። ድንጋዩ ምንም ይሁን። እናቱ ስልኩን ተቀብለውት ሄዱ።" ከዚያ ቀለበቱን መልሳ ሰጥታኝ "አንድ ሰው እንኳ እኔን ቢጠይቀኝ ምን ነበረበት?" አለች።

ካልጠየቋት ሰዎች አንዷ እኔ ነኝ። የማላውቀው ጣት ላይ የሚገባ ቀለበት፣ የማላውቃት ልጅ የምታደርገውን ቀለበት፣ መካከለኛ አድርጊው ስለተባልኩ ብቻ ሠርቼ ሰጥቻለሁ። ያን ቀን አምጫት ብላት ኖሮ ጣቷን እለካ ነበር፣ ፍላጎቷንም እሰማ ነበር፣ ጉዮም እሳት ባልለኮሰ። ይህን ለራሔል አልነገርኳትም። ፀሐይ ላይ ይዣት ወጣሁ። ከሁሉ ትንሹን ስፒኔል መረጠች። ጣቷን በክር ለካሁ። ቢንያም በማግስቱ መጥቶ ወሰደው። ወረቀቱን እዚያው ፊቴ አነበበው።

ሰርጉ በቀኑ ተደረገ። አልሄድኩም።

ስሜ ተመልሷል ይሉኛል። ግማሹ ነው የተመለሰው። ዝንጅብል ሻጯ ጎረቤቴ ይቅርታ ጠይቃኛለች፤ ያን ዕለት ያየችኝን አስተያየት ግን አልረሳሁትም። አሁንም አዲስ ገዢ ቀለበቱን አንሥቶ በጥፍሩ መታ መታ ሲያደርገው ብድግ እላለሁ። ዘነበች በእድር ስንገናኝ ከሁሉም በፊት ሰላም የምትለኝ እኔን ነው። ሰው ሲያይ ነው የምትለው። አጸፋውን እመልሳለሁ፤ ከዚያ በላይ የለኝም።

ከዚያ ወዲህ ቀለበት የምሸጠው ራሷ ለምታደርገው ሴት ብቻ ነው። እናትም፣ አማትም፣ አክስትም፣ እጮኛም ብቻቸውን ከመጡ አልሸጥም። ብዙ ገዢ ሄዶብኛል።

ባለፈው ጥር ዘነበች ለሁለተኛ ልጇ እጮኛ ቢጫ ድንጋይ ፈልጋ መጣች። ልጅቷን ይዘሻት ነይ አልኳት። ሥራ ላይ ናት አለች። ስትወጣ ትምጣ አልኳት። ትንሽ ቆማ ሄደች። ሳጥኑን ዘግቼ ምሳዬን በላሁ።